ጋሼ ሳይክሌን ሊበይዷት ነው፤ እንዴት ብዬ ልከልክላቸው?

ሰላም ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዕድሜዬ 31፣ ሥራዬ የቢሮ ሒሳብ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ ሰው ስለ ትዳሩ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ መሬት ክርክሩ ምክር በሚጠይቅበት ዓምድ እኔ የምጠይቀው ስለ አንዲት አሮጌ ሳይክል ነው። ግን ከልቤ አልወጣ አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በፊት ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ጎረቤት ግቢ፣ ከጓሮ፣ ቆርቆሮ ላይ የተደገፈች የኮርስ (የውድድር) ሳይክል አየሁ። ዶሮዎች ማታ የሚያድሩባት እሷ ላይ ነው። አቧራውን በእጄ ጠረግ ሳደርገው ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነ ቀለም ወጣ፤ ቱቦው ላይ ደግሞ ቢያንኪ የሚል ጽሑፍ። አባታቸው ድሮ ከአስመራ ያመጧት እንደሆነች ልጆቹ ነገሩኝ። 9,000 ብር ከፍዬ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኜ አመጣኋት። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ማርቆስ እንደደረስኩ በቀጥታ ጋሼ ጋ ወሰድኳት። ስማቸውን ልተወው። ከሟቹ አባቴ ጋር የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ ሳይክል መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ገበያው አጠገብ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ዛሬም ሳይክል ይጠግናሉ። ዋጋ ስጠይቃቸው «ካንተ ገንዘብ ልቀበል? አባትህ ምን ይለኛል?» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይክሏ እዚያው ናት። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፤ በሄድኩ ቁጥር «ነገ» ነው።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሥራ ጀምረዋል። የጎማው ልክ ስለማይገኝ የማውንቴን ቸርኬ ሊገጥሙላት ነው። ፍሬኑ ስለማይደርስለት ፊትና ኋላ ሌላ የፍሬን መያዣ ሊያስበይዱ ነው። የመቀመጫው ቱቦ ተጣብቆ አልወጣ ስላለ በመጋዝ ሊቆርጡት ነው። ከዚያ ቀይ ቀለም። «አዲስ አድርጌ ነው የማስረክብህ» ይሉኛል በደስታ። አሮጌው የቆዳ ኮረቻም ቦታው የለም፤ ስጠይቃቸው «ያ የተሰነጠቀው? ለአንድ ገበሬ ገጠምኩለት» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጓደኞቼ «ነጥቀህ አዲስ አበባ ውሰዳት» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «ለብረት ብለህ የአባትህን ጓደኛ ታስቀይማለህ?» ትላለች። ዝም ብል ሳይክሏን፣ ብናገር ጋሼን ላጣ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ማርቆስ

*

ወንድሜ፣ ሌላውን ከማንበብህ በፊት ስልክህን አንሣና ለጋሼ ደውልላቸው። «ጋሼ፣ ብየዳውንና መጋዙን እስክመጣ ያቆዩልኝ፤ የማሳይዎት ነገር አለ» በላቸው፤ ይበቃል። ምክንያት በስልክ አትዘርዝር። ደውለህ ስትጨርስ ተመልሰህ አንብበኝ።

ደወልክ? እንግዲህ እንጫወት።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሳይክሏን ስታስረክባቸው ምን ብለህ ነው የሰጠሃቸው? «ይሥሩልኝ» ብቻ ነው ያልከው? ጋሼ ጋ የሚመጡት ሳይክሎች ምን ሲሸከሙ እንደሚውሉ አንተው ታውቃለህ፤ ጀሪካን፣ ጆንያ፣ ከኋላ ደግሞ ልጅ። ባለቤቱ የሚፈልገው ነገ ጠዋት እንድትሄድለት ነው። ጎማ ከጠፋ የተገኘው ይገጠማል፣ የላላው ይበየዳል፣ የዛገው ይቀባል። በዚህ ዓይን ካየኸው ጋሼ ለአንተ ያሰቡት ለማንም ከሚያደርጉት በላይ ነው፤ ያውም በነፃ። ዶሮ ከሚያድርባት ሳይክል ላይ አንተ ያየኸውን እሳቸው እንዲያዩት ማን አሳያቸው?

ይህን የምልህ ጥፋተኛው አንተ ነህ ለማለት አይደለም። ንዴትህ ቦታውን እንዲይዝ ነው። የሚያናድደው ነገር አለ፤ ኮረቻውን ሳይጠይቁህ መስጠታቸው ያናድዳል፣ «ነገ» እያሉ ክረምቱን ማሳለፋቸውም ያናድዳል። እዚህ ላይ እናትህም ትንሽ አልተረዱህም መሰለኝ። ብረቷ ብቻ ብትሆን ኖሮ እንቅልፍ አትነሳህም ነበር።

ይሉኝታህን አልንቀውም። የአባትህ ማኅበርተኛ ፊት «አይሆንም» ማለት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዝም ብትል ጋሼ ይቀሩልኛል ብለህ ማሰብህ ላይ አልስማማም። እስቲ አስበው፤ ቀይ የተቀባች፣ የተበየደች ሳይክል እያሳሳቁ ያስረክቡሃል፣ አንተም ታመሰግናለህ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቆርቆሮ ጥላ በኩል ማለፍ ይከብድህና በሌላ መንገድ መዞር ትጀምራለህ። እሳቸውም ምን እንደበደሉህ ሳያውቁ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» እያሉ ይቀራሉ። ዝምታው ሁለቱንም ነው የሚያሳጣህ። ያልከው «እሺ ጋሼ» ገና የሳምንት ዕድሜ ያለው ነው፤ ማረሚያ ጊዜ አለህ። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ያንተ ድስት ገና አልተጣደም።

አሁን ወደ ሳይክሏ ልምጣ። ባሕር ዳር ሳይክል ላይ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ ብረዝም ይቅርታህን። ጋሼ ሊያደርጉ ካሰቡት ውስጥ ተመልሶ የሚስተካከል አለ፣ የማይስተካከልም አለ። የምትከራከረው ለማይስተካከለው ብቻ ነው።

ቀንደኛው ብየዳው ነው። የዚያ ዘመን ጥሩ የኮርስ ሳይክል ቱቦ ስስ ነው። ኮሎምበስ የሚባለው የጣሊያን ፋብሪካ ለውድድር ያወጣው አንድ የታወቀ ቱቦ ጫፍና ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ግን 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያንተዋ ከምን እንደተሠራች ከመቀመጫው ሥር ያለው ተለጣፊ ካልተላጠ ይነግርሃል። ቱቦዎቹ መገጣጠሚያቸው ላይ የተያያዙት በናስ ወይም በብር ቅልጥ ነው፤ ብረቱ ራሱ አይቀልጥም። በርና መስኮት የሚሠራበት ብየዳ እንዲህ ያለ ቱቦ ላይ ሲያርፍ ይበሳዋል፤ ባይበሳውም ዙሪያውን ያደክመዋል። ዛሬ ምንም አይመስልም፤ የሚሰነጠቀው አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ነው። ለጋሼ ስትነግራቸው ከዚህ ጀምር። ጥንታዊነቷን ብታስረዳቸው ላይገባቸው ይችላል፤ «የፊት ቸርኬውን የያዘው ሹካ ሊሰበርብኝ ይችላል» ስትላቸው ግን ያንተን ሕይወት ነውና ወዲያው ይገባቸዋል።

ደግሞ ብየዳው ላያስፈልግም ይችላል። የጎማውን ጎን ጠርገህ ቁጥሩን አንብበው። 622 የሚል ካገኘህ (ልኩ በሚሊ ሜትር ነው፤ 700 እየተባለ የሚጠራው) ዛሬም የሚሠራ ልክ ስለሆነ ባሕር ዳር ካጣኸው መርካቶ አስጠይቅ። 630 ከሆነ 27 የሚባለው የድሮ ልክ ነው፤ ችግሩ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ከጭነት ሳይክሎቹ 28 ጋር (እሱ 635 ነው) ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ሲገጥሙት ግን እምቢ ይላል። ጋሼ ጎማው አይገኝም ያሉህ ይህን ሞክረው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ 622 ቸርኬ ይገጠምና የፍሬኑ ጎማዎች 4 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይደረጋሉ፤ ብዙዎቹ የድሮ ፍሬኖች ላይ ለዚያ የሚሆን ቦታ አለ። ጎማው ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ዓይነት ከሆነም አትደንግጥ፤ የ622 ቸርኬ በቦታው ይገባል። የማውንቴኑ ግን 559 ነው። ወፍራም ጎማው በዚያ ጠባብ ሹካ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል፤ በቀጭን ጎማ ቢገባ ደግሞ ሳይክሏ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ትልና ስትታጠፍ ፔዳሉ መሬት ይመታል። ይህንን ጋሼ ራሳቸው በሜትር ለክተው ሲያዩት አንተ መከራከር አይጠበቅብህም።

አዲስ ቸርኬ ስትገዛ የኋላው ሞዞ (ቸርኬው መሃል ያለው ማዞሪያ) ስፋት ሊበልጥብህ ይችላል። በድሮዎቹ የኋላ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት 120 ወይም 126 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኋለኞቹ የኮርስ ሞዞዎች ደግሞ 130 ናቸው። ብረት ስለሆነች በጥንቃቄ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፈት ትላለች። ይህ ያለ ብየዳ፣ በእጅና በዓይን የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጋሼም እኔ ከማውቃቸው ጠጋኞች የሚያንሱ አይመስለኝም።

መጋዙን ደግሞ አስቁም። የተጣበቀው የአሉሚኒየም ቱቦ በብረት ውስጥ ቆይቶ ስለዛገ ነው። በጉልበት ከመጠምዘዝ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማጠጣት፣ ሳይክሏን ገልብጦ ከፔዳሉ መሃል ባለው ቀዳዳ በኩል ደግሞ ማጠጣት፣ ለቀናት መተው፣ እንደገና መሞከር። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ቁመቱ ላንተ ልክ ነው ወይ? ሌላ ኮረቻ አስገጥመህ፣ ተቀምጠህ ተረከዝህ ፔዳሉን ሲነካ እግርህ ቀጥ ካለ ልክህ ነው። ልክህ ከሆነ ለምን ይወጣል? እዚያው ይኑር።

ጋሼ የፔዳሉን መሃል ኩሽኔታ ለመፍታት ከተነሡ አንድ ነገር በጨዋታ መሃል ንገራቸው። በተለምዶ የሚሠሯቸው ሳይክሎች በካቴናው በኩል ያለው የመጠምዘዣ ጥርስ የግራ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራል። የጣሊያኖቹ ግን ሁለቱም ወገን የቀኝ ጥርስ ነው። በለመደ እጅ ወደ ቀኝ ሲገፉት ይበልጥ እያጠበቁት ነው የሚሆነው፤ ከዚያ ቧንቧ መጨመር፣ ከዚያ መዶሻ፣ ከዚያ ጥርሱ ይበላል። መለያው ቀላል ነው፤ ኩሽኔታው የገባበት ቱቦ ከጎን እስከ ጎን 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ የጣሊያን፣ 68 ከሆነ የሌላው ነው።

ቀለሙ ላይ ሐሳቤ የጸና ነው፦ አታስቀባት። ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላኖ ውስጥ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው፤ ያ ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነው ቀለም፣ ጣሊያኖቹ ቼሌስቴ የሚሉት፣ መታወቂያው ነው። ቀይ ከተቀባች በኋላ ቀለሙን መልሶ መቀባት ይቻል ይሆናል፤ ጽሑፎቹና ተለጣፊዎቹ ግን አይመለሱም። ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል። ስለዚህ አሁን፣ አሮጌ ቀለሟ እያለ፣ ከመሪው ቱቦ ወደ ታች በሚወርደው ቱቦ ሥር ጣትህን ሂድበት። የቆዳ እጥፋት የሚመስል እብጠት ወይም በክብ የተሰነጠቀ ቀለም ካገኘህ ድሮ ከነገር ጋር ተላትማለች ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ይህ ሁሉ ምክሬ ይቅርና መጀመሪያ ቴላዮውን (ቱቦዎቹ የተገጣጠሙበትን አካሏን) በዚህ ሥራ የታወቀ ሰው ይይልህ። ንጹሕ ከሆነች ቀለም ያለበትን በሳሙናና በጨርቅ ማጠብ ይበቃል፤ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካት። ኒኬል መሳይ የሚያበራው ክፍል ላይ ያለውን ዝገት ደግሞ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ውሃ ውስጥ ነክረህ ፈትገው፤ ጋሼ አጠገብህ ቆመው ካዩህ ቀለሙን ራሳቸው ሊተውት ይችላሉ።

ኮረቻውን ተውላቸው። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ነው፤ ለእሱ ስትከራከር ብየዳው ላይ የምትናገርበት አፍ ታጣለህ። ገበሬውም ተቀምጦበታል።

አሁን እንዴት ትናገራለህ? ገበያ ባልሆነ ቀን ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛባቸው ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ የጎማውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ፣ ሜትር ይዘህ፣ ከቻልክ ደግሞ ልኩን ጎማ ከነካላማዳሪው ገዝተህ ሂድ። እንዲህ ብትላቸው ደስ ይለኛል፦ «ጋሼ፣ ስሰጥዎት የምፈልገውን በደንብ አልነገርኩዎትም። አዲስ እንድትሆን ሳይሆን እንደ ድሮዋ እንድትሄድልኝ ነው የፈለግሁት። ያልተበየደች፣ ያልተቀባች። ቸርኬዋን የሚያቃናልኝ ግን ከእርስዎ ሌላ የለኝም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ማባበያ አይደለችም፤ እውነት ከሆነች ብቻ በላት። ቸርኬ በአውራ ጣት እየዳሰሱ ማቃናት፣ ሞዞ ፈትቶ ኩግሎቹን (ትንንሾቹን የብረት ኳሶች) በላምባ አጥቦ በአዲስ ግራሶ መመለስ፣ ሳይክሏ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው፤ ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትም ይኸንኑ ነው።

ከዚያም ቅዳሜ ከሰዓት አብረሃቸው ለመሥራት ፈቃድ ጠይቅ። ጨርቅ ያዝ፣ ቁልፍ አቀብል። «ነገ» የሚለው ነገር እንዳይደገም ከዚህ የተሻለ መላ አላውቅም፤ አንተ እያለህ ሌላ ሳይክል አያስቀድሙም። እግረ መንገድህንም ጠይቃቸው፤ የኮርስ ሳይክል በወጣትነታቸው አይተው ያውቁ ይሆን? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ለሚስቁብህ ጓደኞችህም ይህችን ንገርልኝ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ጉልበታቸውን በነፃ ቢሰጡህም ዕቃውን አንተ ግዛ። በነፃ በሚሠራ ሥራ ላይ «እንዲህ አይሁን» ማለት የሚከብደው ለዚህም ጭምር ነው። የድካማቸውን ለእናትህ ተውላቸው፤ እሳቸው በሚካኤል ቀን ምን ይዘው እንደሚሄዱ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ጋሼ ቢቀየሙም እናትህ አንዲት ቃል ይበሏቸው እንጂ ሽማግሌ አትላክ፤ ለሳይክል ሽምግልና ተቀምጦ አያውቅም።

አዲስ አበባ ውሰዳት የሚለው የጓደኞችህ ምክር ክፉ አይደለም፤ ጋሼ ሰምተውህ «እኔ የማውቀው እንደዚህ ነው» ካሉ ማድረግ ያለብህ ያው ነው። ግን ነግረሃቸው ውሰድ። «ዘመድ ሊያያት ፈለገ» ብለህ አታውጣት፤ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት፣ ተሠርታ ስትመለስ በበራቸው ታልፋለች።

ስትደውል «አስበየድኳት እኮ» ካሉህስ? እንግዲያው አትንዳት፣ አትጣላም። የተበየደው ሹካው ብቻ ከሆነ ሹካ ተፈልጎ ይቀየራል። ቴላዮው ከሆነ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ አብረን እናያለን።

ስትጨርሱ ዳገቱ ያስቸግርሃል። የውድድር ሳይክል ማርሽ ለማርቆስ አቀበት ከባድ ነው፤ የኋላውን ማርሽ እስከ 28 ጥርስ ባለው ብትቀይረው ጉልበትህ ይተርፋል፣ አሮጌውንም ጠቅልለህ አስቀምጠው። የፍሬን ገመዶቹንና የፍሬን ጎማዎቹን ግን ሳታቅማማ አዲስ አድርጋቸው፤ ያ ሁሉ ዓመት የቆየ ጎማ ድንጋይ ሆኗል፣ አይዝም። ቸርኬው ላይ ማግኔት አስጠጋበት። ከያዘ ብረት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ፍሬን አይሰማም፤ በዝናብ ቀን ከነጭራሹ አታውጣት። መጀመሪያ ሜዳ ላይ በሁለቱም ፍሬን ደጋግመህ ቁም፣ ዳዶና ቡሎኑን እንደገና አጥብቅ፣ ወደ ቁልቁለቱ ከዚያ በኋላ።